ካምፐር ልትገዙ ነው? መጀመሪያ ስለ ሞተሩ እናውራ

ጀርመን ገብታችሁ፣ ሥራ ይዛችሁ፣ ልጆቹም ትምህርት ቤቱን ሲለምዱ አንድ ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም። ካምፐር፣ ማለት ማደሪያና ማብሰያ ያለው መኪና፣ ብንገዛስ? በየሰመሩ ከከተማ ከተማ እየዞረ የሚካሄደው የኢትዮጵያውያን የስፖርትና የባህል ፌስቲቫል ሲደርስ የሆቴል ዋጋ ያየ ሰው ይህን ቢያስብ አይፈረድበትም። መንጃ ፈቃዱ ግን ይቅደም። የኢትዮጵያው የሚያገለግለው ነዋሪ ከሆናችሁ በኋላ ለ6 ወር ብቻ ነው። ከዚያ የጽሑፍም የተግባርም ፈተና አለ። ቢ መንጃ ፈቃድ ደግሞ የሚያስነዳው እስከ 3.5 ቶን ነው።

ሀገር ቤት መኪና ስንገዛ ሁለት ነገር እንጠይቃለን። ቶዮታ ነው ወይ? ስንት ኪሎ ሜትር ሄዷል? እዚህ ሁለቱም ብዙ አይረዷችሁም። በቶዮታ ላይ የተሠራ ካምፐር እንደ ልብ አይገኝም። አብዛኛው የአውሮፓ ካምፐር የተሠራው በፊያት ዱካቶ ላይ ነው። ኪሎ ሜትሩም ያታልላል። ካምፐር ከርሞ ከርሞ በሰመር ብቻ የሚወጣ መኪና ነው። 15 ዓመት ሞልቶት 60 ሺህ ብቻ የሄደ ብታገኙ አትደነቁ፤ ጎማውና ቺንጋው ቆመውም ያረጃሉ።

እኔ ብጠየቅ የዱካቶውን 2.3 ሊትር መልቲጄት የተባለ የናፍጣ ሞተር፣ 130 ፈረስ ጉልበት ያለውን እመርጣለሁ። መለዋወጫው ሞልቷል፣ የሰፈር ጋራዡም ያውቀዋል። በ100 ኪሎ ሜትር ከ10 እስከ 12 ሊትር ናፍጣ ይበላል። ቁም ሣጥን የሚያህል ነገር ከነፋስ ጋር እየታገለ ስለሚሄድ፣ በ120 ፋንታ በ100 ብትነዱ ልዩነቱን ማደያው ላይ ታዩታላችሁ። ታይሚንጉን፣ ማለት ቫልቭና ፒስተን ተራቸውን ጠብቀው እንዲሠሩ የሚያደርገውን፣ የሚያዞረው ቺንጋ ነው። መቼ እንደተቀየረ ጠይቁ። «በቅርብ ነው» መልስ አይደለም፤ ደረሰኝ ይምጣ። ቺንጋው ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፣ ሞተሩም ይወርዳል። 3.0 ሊትሩ ባለ ሰንሰለት ነው፣ ጉልበተኛም ነው፣ ግን ናፍጣ ይወዳል። ከ2016 ወዲህ በመጣው የፎርድ ትራንዚት 2.0 ኢኮብሉ ሞተር ላይ ደግሞ ቺንጋው የሚሽከረከረው ዘይት ውስጥ ነው። ዘይቱ በጊዜው ካልተቀየረ ወይም የማይሆን ዘይት ከገባ ቺንጋው ይፈረፈራል፣ ፍርፋሪውም የዘይት መሳቢያውን ይደፍናል። የሰርቪስ ደብተሩ ካልተሟላ እኔ አልነካውም።

ዋጋው ረከሰ ብላችሁ ያረጀ ናፍጣ አትግዙ። በብዙ የጀርመን ከተሞች መሀል ለመግባት አረንጓዴ ስቲከር ያስፈልጋል። ለናፍጣ መኪና የሚሰጠው ከዩሮ 4 (የጭስ ብክለት ደረጃ ነው) ጀምሮ፣ ወይም ዩሮ 3 ሆኖ ማጣሪያ ለተገጠመለት ነው። ያለዚያ ቅጣቱ 100 ዩሮ ነው። አዲሶቹ ዩሮ 6 ሞተሮች ብዙዎቹ አድብሉ የሚባል፣ የጭሱን ብክለት የሚቀንስ ፈሳሽ ይጠቀማሉ። የራሱ ማስገቢያ አለው፤ ናፍጣ ታንክ ውስጥ ከገባ ሞተሩን አታስነሱት። ካምፐሩን ለአጭር የከተማ ምልልስ ከተጠቀማችሁበት ደግሞ የጥቀርሻ ማጣሪያው ይደፈናል። አልፎ አልፎ አውቶባን ላይ ረገጥ አድርጋችሁ አሙቁት።

ልታዩት ስትሄዱ ሞተሩ ሳይነሳ እንዲጠብቃችሁ ለሻጩ ንገሩት። ኮፈኑን በእጃችሁ ዳሱት። ሞቆ ከጠበቃችሁ ለምን ብላችሁ ጠይቁ፤ ደካማ ሞተር የሚጋለጠው በብርድ ሲነሳ ነውና። የዘይቱን ክዳን ክፈቱ። ከሥሩ ነጣ ያለ፣ ማዮኔዝ የመሰለ ነገር ካለ ውሃ ከዘይቱ ጋር እየተቀላቀለ ሊሆን ይችላል። ሰማያዊ ጭስ ካየሁ እኔ ሻይ እንኳን ሳልጠጣ ነው የምመለሰው።

ስለ ብርዱም ልንገራችሁ። በአውሮፓ የብርድ ወራት ማደያዎች የሚሸጡት ናፍጣ እስከ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ እንዲቋቋም የተዘጋጀ ነው። በነሐሴ የሞላችሁት ግን ታንኩ ውስጥ ይረጋል። ኅዳር ላይ አሮጌውን አቃጥላችሁ አዲስ ሙሉ።

ቱፍ የሚባለው የመኪና ቴክኒክ ምርመራ እንደ ሀገር ቤቱ ቦሎ ቢመስልም በየ2 ዓመቱ ነው። ሻጩ አዲስ አሠርቶ እንዲያስረክባችሁ ተደራደሩ። አልፏል ማለት ግን ሞተሩ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም፤ የታይሚንግ ቺንጋውን እዚያ ከፍቶ የሚያይላችሁ የለም።