የብሎኬት አጥር ስንት ይፈጃል? ከአንድ ስፓን ተነስቶ ማስላት

«አጥር በሜትር ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ሠሪውን እንጂ አሠሪውን አይጠቅምም። በሜትር የሚነገር ዋጋ መሠረቱ ስንት እንደሚወርድ፣ ፌሮው (ኮንክሪት ውስጥ የሚገባው ብረት) ስንት ሚሊ እንደሆነ፣ ልስን ይኑረው አይኑረው አይናገርም። የሲሚንቶና የፌሮ ዋጋ ደግሞ ከወር ወር ይለያያል። የማይለዋወጠው መጠኑ ነው። መጠኑን በወረቀት የያዘ ሰው የዕለቱን ዋጋ አባዝቶ የራሱን ሒሳብ ያወጣል።

ለምሳሌ 10 በ20 ሜትር የሆነ 200 ካሬ ቦታ እንያዝ። ዙሪያው 60 ሜትር ነው፤ ለመኪናና ለሰው መግቢያ 4 ሜትር ሲቀነስ 56 ሜትር ይቀራል። ኮለን (የኮንክሪት ምሰሶ) በየ3 ሜትሩ ቢቆም ወደ 19 ስፓን ይሆናል፤ ስፓን ማለት ከአንዱ ኮለን እስከ ቀጣዩ ያለው ክፍል ነው። አንዱን ስፓን በጥንቃቄ ማስላት ነው፤ ቀሪው ማባዛት ነው።

ከቁፋሮ በፊት ግን ካርታውን ይዛችሁ ወደ ወረዳው ሂዱ፤ ፈቃድ ጠይቁ፣ ወሰናችሁንም በባለሙያ አስለክታችሁ ችካል አስመቱ። ግማሽ ሜትር ወደ ጎረቤት የገባ ግንብ ሲፈርስ ወጪው ሁለት ጊዜ ነው። በጋራ ወሰን ላይ ከጎረቤት ጋር ወጪ የምትካፈሉ ከሆነም የእያንዳንዱን ድርሻ አስቀድማችሁ በጽሑፍ ተፈራረሙ።

አሁን ወደ ስፓኑ። መሬቱ ቀይና ጠንካራ አፈር ነው እንበል። ቁፋሮው 60 ሳንቲ ስፋት፣ 80 ሳንቲ ጥልቀት ቢኖረው ለ3 ሜትር 1.44 ሜትር ኩብ አፈር ይወጣል። በ19 ሲባዛ 27 ሜትር ኩብ ነው፤ የተቆፈረ አፈር ስለሚነፋ ሲጫን ወደ 35 ይጠጋል። የመኪናውን ኪራይ ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ አፈሩ በር ላይ ተከምሮ ሲታይ ነው የሚታወሰው።

የመሠረቱ ግንብ 50 ሳንቲ ስፋት ኖሮት፣ ከመሬት በላይ 20 ሳንቲ ከፍ ቢል፣ ለአንድ ስፓን 1.5 ሜትር ኩብ ይሆናል። ለዚህ ወደ 1.9 ሜትር ኩብ ድንጋይ፣ 0.6 ሜትር ኩብ አሸዋና ባለ 50 ኪሎ 4 ከረጢት ሲሚንቶ ይገባል፤ ሞርታሩ (ድንጋዩን የሚያያይዘው ቡኮ) 1 ሲሚንቶ ለ 4 አሸዋ ሲሆን ማለት ነው።

በላዩ ላይ የሚቆመው ባለ 15 ሳንቲ ብሎኬት 2 ሜትር ከፍታ ቢኖረው፣ የኮለኑ 20 ሳንቲ ሲቀነስ 5.6 ካሬ ነው። በካሬ 12.5 ብሎኬት ሲያዝ 70 ይሆናል፤ ለስባሪ ጨምሩና 74 በሉ። መደርደሪያው 1 ከረጢት ሲሚንቶ ይበቃዋል። ኮለኑ 20 በ20 ከሆነ፣ ባለ 12 ሚሊ አንድ ፌሮ (ርዝመቱ 12 ሜትር ነው) ለአራት ሲቆረጥ ልክ ይመጣል፦ 2 ሜትሩ ወደ ላይ፣ 70 ሳንቲው መሠረት ውስጥ፣ 30 ሳንቲው ታጥፎ ከታች። ስታፋው (ፌሮዎቹን ዙሪያውን የሚያስረው ቀለበት) ባለ 6 ሚሊ ሆኖ በየ20 ሳንቲው ይታሰራል፤ ወደ 14 ፍሬ፣ በክብደት 2.2 ኪሎ ገደማ ነው። ለኮንክሪቱ 1 ከረጢት፣ ከላይ ለሚደረገው ክዳን ግማሽ ከረጢት ያዙ።

ሲደመር ለአንድ ስፓን 6 ከረጢት ተኩል ሲሚንቶ ነው፤ ከዚህ ውስጥ 4ቱ መሠረት ላይ ቀርቷል። የአጥር ገንዘብ ዓይን በማያየው ቦታ ነው የሚገባው፤ ስርቆቱም እዚያው ነው። ግንበኛው ውጪና ውስጡን በሞርታር ለስኖ መሐሉን በደረቅ ድንጋይና በአፈር ሲሞላ ከላይ ምንም አይታይም። ስለዚህ ሌላውን ቀን ሥራ ቢይዛችሁ እንኳ መሠረቱ በሚገነባበት ቀን አትቅሩ። አንዱን ድንጋይ አስነሱና ሥሩን እዩ፤ ሞርታር ሙሉ ለሙሉ ካልያዘው አስፈርሱት።

ለጠቅላላው አጥር የሚያስፈልገው እንግዲህ 62 ኩንታል ሲሚንቶ፣ 36 ሜትር ኩብ ድንጋይ፣ 15 ሜትር ኩብ አሸዋ፣ 2.5 ሜትር ኩብ ጠጠር፣ 1,400 ብሎኬት፣ ወደ 20 ባለ 12 ፌሮና 45 ኪሎ ገደማ ባለ 6 ነው። 10 በመቶ መጠባበቂያ ጨምሩበት። ልስን በሁለቱም በኩል ከፈለጋችሁ በስፓን ወደ 2 ከረጢት፣ በጠቅላላው 19 ኩንታል ሲሚንቶ ይጨምራል። አቅም ካጠረ የመንገዱን ፊት ብቻ ማስለሰን ይሻላል፤ ከመሠረት ላይ ከመቀነስ ልስኑን ለሚቀጥለው ዓመት ማቆየት ይበጃል።

አፈሩ ዋልካ ከሆነ ሒሳቡ ሌላ ነው። ጥቁር አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ግንቡንም አብሮ ያነሣዋል፣ ያወርደዋል። ጠንካራ መሬት እስኪገኝ መውረድ ግድ ነው። 80 ሳንቲ የነበረው 1.5 ሜትር ሲሆን የስፓኑ መሠረት ሲሚንቶ ከ4 ወደ 7 ከረጢት ይጠጋል። በብሎኬቱ ሥር በፌሮ የታሰረ ግሬድ ቢም (አግድም የኮንክሪት ማሰሪያ) ጨምሩ፤ በየ15 እስከ 20 ሜትሩም አጥሩን ከፍላችሁ 2 ሳንቲ ክፍተት ተዉ፤ ያን ጊዜ ስንጥቁ ግንቡን አቋርጦ አይሄድም። ዋልካ ላይ አጥር የሚያሠራ ሰው ሒሳብ ከመጀመሩ በፊት ሁለት ሦስት ቦታ የሙከራ ጉድጓድ ቢያስቆፍር ብዙ ያተርፋል።

ዕቃ ስትረከቡ ሜትር ያዙ። አሸዋው ከመኪናው ላይ ከመገልበጡ በፊት የጭነት ሳጥኑን ርዝመትና ስፋት ለኩ፤ ቀጭን ፌሮ በአራቱ ማዕዘንና በመሐሉ እስከ ወለሉ ወግታችሁ ከፍታውን አማካይ አድርጉ። ጥራቱን ለማወቅ አንድ ጠርሙስ እስከ ግማሽ አሸዋ ሞልታችሁ ውኃ ጨምሩ፣ በደንብ ነቅንቁና አስቀምጡት። ሲረጋ ከላይ የሚቀመጠው ጭቃ ወፍራም ከሆነ መልሱት፤ ጭቃ ያለበት አሸዋ ሞርታሩን በጥፍር እስኪፋቅ ያላላዋል። ብሎኬቱን ደግሞ በወገብ ከፍታ ጣሉት፤ ጠርዙ ብቻ ከተሸረፈ ደህና ነው፣ ዱቄት ከሆነ ሲሚንቶው አንሶታል። ገና እርጥብ የሆነ ብሎኬት አትግዙ፤ ሲደርቅ ይኮማተርና ግንቡን ይሰነጥቃል።

ኮለኑን አስቀድሞ ከማቆም ብሎኬቱን ደርድሮ ለኮለኑ ቦታ መተው ይሻላል። ብሎኬቱ በሁለት ጎን ካሳፎርማ (ኮንክሪቱን ቅርጽ የሚያስይዝ ከለላ) ስለሚሆን የሚያስፈልገው ጣውላ በግማሽ ይቀንሳል፣ ኮንክሪቱም ግንቡን ነክሶ ይይዘዋል። ኮንክሪቱን 1 ሲሚንቶ ለ 2 አሸዋ ለ 3 ጠጠር አቡኩ፤ ከ2 ሜትር ከፍታ በአንዴ ከተገለበጠ ጠጠሩ ተለይቶ ከታች ክፍተት ስለሚተው፣ ሜትር በሜትር እየሞላችሁ በፌሮ ውጉት። ከዚያ ቢያንስ 7 ቀን ጠዋትና ማታ ውኃ አጠጡ። የሚያጠጣው ሰው ማን እንደሆነ ውሉ ላይ ካልተጻፈ ማንም አያጠጣም።

የበሩን ምሰሶ በተራ ኮለን ሒሳብ አትያዙት። ከባድ የብረት በር በተከፈተ በተዘጋ ቁጥር ይጎትተዋል፤ 40 በ40 ሆኖ የራሱ የኮንክሪት እግር ይኑረው። በሩ የሚታሰበው በካሬ ሲሆን ዋጋውን የሚወስነው የላሜራው ውፍረት ነው። በያጁ 1.5 ሚሊ ብሎ ተስማምቶ 1.2 ሚሊ እንዳይገጥም ቀለም ሳይቀባ በመለኪያ አረጋግጡ።

የእጅ ዋጋውን በየሥራው ለይታችሁ ተዋዋሉ፦ ቁፋሮና የድንጋይ ግንብ በሜትር ኩብ፣ ብሎኬት በካሬ፣ ኮለን በቁጥር። ክፍያው ከተሠራው በታች እንጂ በላይ አይሁን።

ግቢያችሁ ከጎረቤት ከፍ ያለ ከሆነ አንድ ነገር አጥብቃችሁ ያዙ፦ ብሎኬት አፈር አይደግፍም። በአጥሩ ጥግ አፈር ሞልቶ ማስተካከል ርካሽ ይመስላል፤ በሐምሌ ዝናብ አፈሩ ውኃ ጠጥቶ ሲከብድ ግን ግንቡን ወደ ታችኛው ግቢ ይጥለዋል፣ እዚያ ልጆች ይኖራሉ። የከፍታው ልዩነት ባለበት ሁሉ እስከ ላይኛው አፈር ድረስ የድንጋይ ግንብ ይሁን፤ ውፍረቱን መሐንዲስ ይወስን፤ በየ2 ሜትሩም ውኃ የሚያስወጣ ባለ 2 ኢንች ቱቦ አስገቡበት፣ ከኋላው ጠጠር አድርጉለት።