አዲስ ቃል እንዳይጠፋ አድርጎ ማጥናት እንዴት ይቻላል?

ለሥራ ወደ ዓረብ አገር ለመሄድ ዐረብኛ የሚያጠኑ ልጆች ደሴ ውስጥ ብዙ ናቸው። ደብተራቸውን ብታዩት በግራ ዐረብኛ፣ በቀኝ አማርኛ፣ ከላይ እስከ ታች ሞልቷል። ሲሸመድዱት ያመሻሉ፤ በሳምንቱ አብዛኛው ጠፍቷል። «ጭንቅላቴ አይቀበልም» ይላሉ። ይቀበላል። መስተካከል ያለበት አጠናኑ ነው።

በአንድ ጊዜ አምስት ስድስት ቃል ይበቃል። ጮክ ብላችሁ በሉት። እንግዳ ድምፅ ካልተደገመ ጭንቅላት ውስጥ የሚቆየው ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው። ማንኪያን፣ ሹካንና ቢላዋን ግን በአንድ ቀን አታጥኑ፤ ተቀራራቢ ነገር ይምታታል። አንዱ የወጥ ቤት፣ አንዱ የመንገድ፣ አንዱ የልብስ ይሁን።

ቀጥሎ ቃሉን ከምታውቁት ነገር ጋር እሰሩት። መስኮት በዐረብኛ «ሹባክ» ነው። ሹራብ ሹራብ ይላል። እንግዲያው የደሴ ጉም ያረጠበው ሹራብ መስኮት ላይ ተሰጥቶ ውሃው ጠብ ጠብ ሲል በሐሳባችሁ ተመልከቱት። እንደ «ባብ» (በር) ያለ አጭር ቃል ይህ ሁሉ አያስፈልገውም።

አሁን ዋናው ላይ ደረስን። ደብተሩን ዝጉት። አማርኛውን ብቻ ይዛችሁ ዐረብኛውን ከራሳችሁ አውጡ። አልመጣ ካለ ቶሎ አትክፈቱ፤ ትንሽ ታገሉ። ቃሉን የሚያጸናው ትግሉ ነው። ደጋግመን ስናነበው ዓይናችን ይለምደዋል፤ የለመድነውን ደግሞ የምናውቀው ይመስለናል። ምላሳችን የሚተሳሰረው ሰው ፊት ስንቆም ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ካርፒክ እና ሮዲገር እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት፣ ተማሪዎች 40 የስዋሂሊ ቃላትን ከነትርጉማቸው አጠኑ። ያወቁትንም ቃል ሳይቀር ራሳቸውን እየጠየቁ የቀጠሉት ከሳምንት በኋላ 80 በመቶ ያህሉን አስታወሱ። አንዴ ያወቁትን ቃል መጠየቅ ትተው ማንበብ ብቻ የቀጠሉት ግን ከሲሶው ብዙም አላለፉም።

ለዚህ ከደሴ ኮምቦልቻ የሚወርደው ሚኒባስ ተስማሚ ነው። ደብተሩ ቦርሳ ውስጥ ይቆይ። የሐረጎን ቁልቁለት ስትወርዱ የትናንቶቹን ቃላት አንድ በአንድ ጥሩ፤ ያቃታችሁን ኮምቦልቻ ስትደርሱ ተመልከቱ። ከአራት ምርጫ አንዱን ንኩ የሚሉትን የስልክ አፖች ብዙም አልወዳቸውም። ቃልን አይቶ መለየትና ከራስ ማውጣት ይለያያሉ። ከካርቶን የተቆረጠች ቁራጭ፣ በአንድ ፊቷ አማርኛ፣ በሌላው ዐረብኛ የተጻፈባት፣ ትሻላለች።

ድግግሞሹን አራርቁት። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 በራሱ ላይ ሞክሮ እንዳሳየው መርሳት የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው። ስለዚህ ማታ ያጠናችሁትን ጠዋት ጠይቁ፣ ከዚያ በሦስተኛው ቀን፣ ከዚያ በሳምንቱ። ለጥናት ብላችሁ እንቅልፍ አትቀንሱ፤ አዲስ ቃል ከነባሮቹ ጋር እንዲዋሃድ እንቅልፍ ይረዳል። በሳምንቱም አልመጣ ያለው ቃል እንደ አዲስ ከማታው ጋር ይደባለቅ።