ጅን አለበት በሚባል ቤት እንዴት በሰላም ይታደራል?

ደሴ ውስጥ ባዶውን የቆየ ቤት ነዋሪ አያጣም። ሰዎቹ ሲወጡ ጅኖቹ ይገባሉ፤ ማታ ኮቴ ይሰማል፣ በመስኮቱ ብርሃን ይታያል ይባላል። «አድሬ አረጋግጣለሁ» የሚል ጎረምሳም በየዘመኑ አይጠፋም። እኔም አንዱ ነበርኩ። ጅኑን አላየሁትም፤ የበሰበሰ ጣውላ ግን እግሬን እስከ ጉልበቴ ውጦት አንድ ወር ሳነክስ ከርሜአለሁ።

አንደኛ፣ ፈቃድ ጠይቁ። ማታ በሰው ግቢ ባትሪ የሚያበራ ሰው በእኛ ከተማ ስሙ አንድ ነው፤ ሌባ። ባለቤቱን አስፈቅዱ፣ ለጎረቤትና ለሰፈሩ ዘበኛ ንገሩ። መካነ መቃብር ግን ቢፈቀድላችሁም ይቅርባችሁ፤ እዚያ የተኙት የሰው ወላጆች ናቸው።

ሁለተኛ፣ ፀሐይ ሳለች ቤቱን ዙሩት። ምርጊቱ የረገፈ የጭቃ ግድግዳ ክረምት ከጠገበ አትደገፉት። የእንጨት ወለልን በዱላ እየመታችሁ እለፉ፤ ደረጃ ላይ በግድግዳው ጥግ በኩል ርገጡ። የሌሊት ወፍ ኩስ የሞላበትን ክፍል አትጥረጉ፣ አቧራው ለሳንባ ጠንቅ ነው። ጓሮ ውስጥ ክዳኑ የጠፋ የመጸዳጃ ጉድጓድ ከየትኛውም ጅን ይከፋል። ከተማዋ ጦሳ ተራራ ግርጌ ተዳፋት ላይ ስለተቀመጠች ከአጥሩ ጀርባ ገደል ቢጠብቃችሁም አይግረማችሁ።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በደሴም በኮምቦልቻም አልፏል። ስለዚህ በባዶ ቤትና በቁጥቋጦ ውስጥ የማታውቁትን ብረት ብታዩ አትንኩ፣ በእግራችሁም አትግፉ። በመጣችሁበት ዱካ ተመልሳችሁ ለፖሊስ ተናገሩ። የዚያን ቀን ጅን ፍለጋው እዚያው ያበቃል።

ሦስተኛው ነገር ከሰል ነው፤ እኔን ከሁሉም በላይ የሚያስፈራኝ እርሱ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሌሊቱ አጥንት ይገባል። ጎረምሶቹም የከሰል ምድጃ ይዘው ይገቡና በሩን ይዘጋሉ። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፤ ከዚያ አእምሮ ይምታታል። እ.ኤ.አ. በ1921 ዊሊያም ዊልመር የተባሉ አሜሪካዊ የዓይን ሐኪም የአንድ ቤተሰብ ታሪክ አሳትመው ነበር። ቤተሰቡ ኮቴ ይሰማል፣ እንግዳ ሰዎች ያያል። ሲመረመር የቤቱ ማሞቂያ ምድጃ ተበላሽቶ ጭሱ ወደ ክፍሎቹ ይገባ ኖሯል፤ ምድጃው ሲጠገን «መናፍስቱ» ጠፉ። እናንተም ጋቢና ብርድ ልብስ ደርቡ እንጂ ከሰል አታስገቡ፤ አመድ የለበሰ ፍምም ያው ነው። ሁላችሁንም አንድ ላይ ራስ ካመማችሁ ሳትከራከሩ ውጡ። ኮምቦልቻ ዝቅ ያለችና ሞቃት ስለሆነች ከሰሉ አያምራችሁም፤ ለወባ ትንኝ ግን አጎበር ያዙ።

አራተኛ፣ ከሦስት ሰው በታች አትሁኑ፣ አትለያዩም። ቤት ለቀረ ሰው «ንጋት 12 ሰዓት ካልደወልን ኑ» በሉት። ሻማ ይቅር፤ ደረቅ እንጨት አንድ ብልጭታ ይበቃዋል። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ፍርሃት ቢይዛችሁ ደግሞ ቤቱ አደጋ እስከሌለበት ድረስ በእግር ወደ ቤት አትገስግሱ፤ ጅብ አለ። ጉም ከወረደማ ባሰ፤ ከኋላ ያለው ጓደኛችሁ ባትሪ ሲያበራ ጥላችሁ ጉሙ ላይ አርፎ ግዙፍ ሰው ይመስላል። ከእርሱ ሸሽቶ ገደል መግባት አለ።

የቀረው እንቅልፍ ነው። ተራ ገብታችሁ ተኙ። ከመካከላችሁ አንዱ «ደረቴ ላይ ተቀመጠብኝ፣ መጮህ አቃተኝ» ብሎ ቢባንን ዱካክ ተጭኖት ነው፤ አእምሮው ከሰውነቱ ቀድሞ ነቅቶ ነው እንጂ የሚጎዳው ነገር የለም። ውኃ ስጡት፣ አጠገቡ ተቀመጡ። በቤቱ ደረጃ ላይ ግን እንዳይሮጥ እጁን ያዙት።