በተከታታይ ግራኑሌሽን ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች

የመድኃኒት ዱቄትን ሳያቋርጥ ከውሃ ጋር እያቦካ ለታብሌት የሚሆን ቅንጣት (ግራኑል) በሚያደርገው ባለሁለት ስክሪው ግራኑሌተር ውስጥ ዱቄቱ የሚቆየው ለሰከንዶች ብቻ ነው። በትልቅ ማደባለቂያ ደቂቃዎች ሲቦካ የሚጠፋው መዛባት እዚህ ሳይስተካከል እስከ ታብሌቱ ይዘልቃል። ስለዚህ የታብሌቱ ክብደት ሲዋዥቅ ታብሌቱን የሚጨምቀውን ፕሬስ ከመነካካት በፊት ወደ ኋላ ተመልሶ ዱቄቱን የሚያቀርበውን መጋቢ ማየት ይበጃል።

መጋቢውን ሊያልቅ ሲል መሙላት። የከፋው ስህተት ይሄ ነው። በክብደት መቀነስ የሚሠራ፣ ማለትም የሰጠውን ዱቄት ከራሱ ክብደት መቀነስ የሚያውቅ መጋቢ እየተሞላ ሳለ የሚሰጠውን መመዘን ስለማይችል የስክሪውን ፍጥነት ባለበት ይዞ ይቆያል። ከላይ የሚወርደው ዱቄት የታችኛውን ሲጠቀጥቀው በአንድ ዙር የሚወጣው መጠን ይጨምራል። ዱቄቱ በሰዓት 20 ኪሎ፣ ውሃው 4 ኪሎ ከሆነ የውሃው ለዱቄቱ ጥምርታ 0.20 ነው። ሲሞላ ዱቄቱ 22 ኪሎ ቢደርስ ጥምርታው ወደ 0.18 ይወርዳል፤ ፓምፑ ግን ይህን አያውቅም፣ ያንኑ በደቂቃ 67 ግራም ገደማ ያፈሳል። ማሳያው ሁሉም ደህና ነው እያለ የሚወጣው ግራኑል ደቃቅ ይበዛበታል። ማጠራቀሚያው ብዙ ሳይጎድል በትንሽ በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ መሙላት ነው።

የፓምፑን አማካይ ብቻ ማመን። ፔሪስታልቲክ ፓምፕ (ቱቦ እየጨመቀ ፈሳሽ የሚገፋው) በዝግታ ሲዞር ፈሳሹን በምት በምት ይተፋል። የደቂቃው ድምር ልክ ቢሆንም ዱቄቱ አንዴ ይርሳል፣ አንዴ ይደርቃል። ቀጭን ቱቦ በፍጥነት ማዞር ወይም በጥርሳም ጎማዎች የሚገፋ ጊር ፓምፕ መጠቀም ይሻላል።

ደቃቅ በታየ ቁጥር ውሃ መጨመር። ፈሳሹ አንድ ቦታ ላይ ስለሚንጠባጠብ ጓልና ደቃቅ አብረው መውጣታቸው የዚህ ማሽን ጠባይ ነው። ውሃ ሲጨመር ጓሉ ይብሳል እንጂ ችግሩ አይፈታም። መጀመሪያ የሚታየው ስክሪዎቹ ላይ ያሉት የማቡኪያ ዲስኮች ብዛትና አንግል ነው፤ ውሃውን የሚያሰራጩት እነሱ ናቸው። ግን ዲስክ ማብዛትም ዋጋ አለው፦ ቶርኩ (ስክሪውን የማዞሪያው ኃይል) እና ሙቀቱ ይጨምራሉ፣ ግራኑሉ ይጠጥራል፣ ታብሌቱም ለመሟሟት ሊዘገይ ይችላል።

ማሽኑ ሲነሳ የሚወጣውን በግምት መጣል። ቶርኩና የበርሜሉ ሙቀት ሳይረጉ የወጣው ምርት አይደለም። «አምስት ደቂቃ ይበቃል» የሚባለው ግን ከየት መጣ? በጥቂቱ ቀለም ወይም ሌላ መከታተያ ጨምሮ ከመጋቢው እስከ መውጫው የሚወስደውን ጊዜ፣ ዘግይቶ የሚወጣውን ጅራቱን ጭምር፣ መለካት ያስፈልጋል። በ2022 የጸደቀው፣ የመድኃኒት ደረጃዎችን የሚያስማማው ዓለም አቀፍ ምክር ቤት የአይሲኤች ኪው13 መመሪያም ቁሱ ከምርቱ የሚነጠልበት መስፈርት በሂደቱ ዕውቀት ላይ እንዲመሠረት ይጠብቃል።

ከማድረቂያው አንድ ናሙና መውሰድ። ግራኑሉን በሞቀ አየር እያንሳፈፈ በሚያደርቀው ባለክፍል ፍሉይድ ቤድ ማድረቂያ ላይ አንዱ ክፍል 3 ደቂቃ የሚሞላ ከሆነ፣ መጀመሪያ የገባው መጨረሻ ከገባው ይልቅ 3 ደቂቃ ያህል አብልጦ ደርቋል። አማካይ እርጥበቱ ጥሩ ሆኖ ውስጡ እርጥብ ግራኑል ሊቀር ይችላል፤ ታብሌቱን በሚጫነው ፓንች ላይ የሚጣበቀውም እሱ ነው። ክፍሉ ሲራገፍ ከመጀመሪያው፣ ከመካከሉና ከመጨረሻው ለየብቻ መለካት ይገባል።