ቁልፉን አትቀይሩ፦ አከራዮች የሚደጋግሟቸው ስህተቶች

ጎንደር ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ መጻፍ ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆነኝ። ቀሃ በኩል ደግሞ የማከራያቸው ሦስት ሰርቪስ ክፍሎች አሉኝ። እናም የአከራይን ብሶት ከወንበሬም ከቤቴም አውቀዋለሁ።

ባለፈው ሰኞ ጠዋት አንድ አባት መጡ። ጋቢያቸውን ተከናንበዋል፤ ከጋቢው ስር የቁልፍ ዘለላ ይንቃጨላል።

«ልጄ፣ የአራት ወር ኪራይ የበላኝ ሰው አለ፤ ክስ ጻፍልኝ።»

«ሰውየው አሁን የት ነው አባባ?»

«ውጭ ነዋ! ዓርብ ሥራ ሲሄድ አዲስ ጓጉንቸር ገዝቼ ቆለፍኩበት። ዕቃው ውስጥ ነው፤ ሲከፍለኝ ይወስዳል።»

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ።

እንግዲህ እኔን የሚያነደኝ ይሄ ነው። ስንተኛው እንደሆኑ መቁጠር ትቻለሁ። አዎ፣ ቤቱ የእናንተ ነው፤ ካርታውም በስማችሁ ነው። ግን አከራይታችሁታል፤ የሚኖርበት እሱ ነው። ቁልፍ ስትቀይሩ፣ መብራት ስትቆርጡ፣ ውሃ ስትዘጉበት፣ ፍራሹን ግቢ ስትወረውሩ «ሁከት ይወገድልኝ»፣ ማለትም «በምኖርበት ቤት አላስኖር ያለኝ ይከልከልልኝ»፣ ብሎ የሚከስበትን በር በእጃችሁ ትከፍቱለታላችሁ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ለዚህ ክስ ሁለት ዓመት ይሰጠዋል። ያን ቀን ዳኛው የሚጠይቀው «ኪራይ ከፍሏል ወይ?» ብሎ አይደለም። «በጉልበት አስወጥተኸዋል ወይ?» ብሎ ነው። ከዚያ ተከራዩ «ሻንጣዬ ውስጥ 30 ሺህ ብር ነበር» ይላል። አልነበረም በሉ እስቲ! የቆለፋችሁት እናንተ፣ ቁልፉ የእናንተ። ኪራይ ሊያስከፍል የመጣ ሰው የመከላከያ መልስ አስጽፎ ሲሄድ ስንት ጊዜ አይቻለሁ።

ፍርድ ካገኛችሁ በኋላም ያው ነው። «ተፈርዶልኛል» ብሎ በራስ እጅ ማስወጣት የለም። ፍርዱ እንዲፈጸም የአፈጻጸም መዝገብ ይከፈታል፤ የሚያስወጣው ፍርድ ቤቱ ነው።

ሁለተኛው ለግብር ሲባል የሚሠራው ብልጠት ነው። ኪራዩ 6,000 ሆኖ ውሉ ላይ 2,500 ይጻፋል። ተከራዩ እስከተዋደዳችሁ ድረስ 6,000 ይከፍላል። የተጣላችሁ ቀን 2,500 ባንክ አስገብቶ «ውሉ የሚለው ይሄን ነው» ይላል። በፊርማችሁ የተጻፈን በሰው ምስክር ማስተባበል አይቻልም። ይሄን ለማስረዳት ስሞክር «ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል እኮ» የሚሉኝ አሉ። ጎረቤቱ ይወቅ፤ ወረቀቱ አያውቅም።

ውል በጽሑፍ ከሆነ ሁለት ምስክር ያስፈርሙ። ይሄን ደጋግሜ መጻፍ ሰልችቶኛል።

ደረሰኝ ላይ ደግሞ ተጠንቀቁ። የኅዳርና የታኅሣሥ ኪራይ ሳይከፈላችሁ የጥርን ተቀብላችሁ ስለ ቀሪው ምንም ያልተጻፈበት ደረሰኝ ከሰጣችሁ፣ ሕጉ ያለፈው ሁሉ እንደተከፈለ ይገምታል። «የኅዳርና የታኅሣሥ ቀሪ አለበት» የምትል አንድ መስመር ጨምሩ፤ በቃ።

ውሉ ሲያበቃ ዝም አትበሉ። ተከራዩ እየኖረ፣ እናንተም እያያችሁ ካለፈ፣ ውሉ ጊዜ ሳይወሰንለት እንደታደሰ ይቆጠራል። ከዚያ በኋላ «ጊዜህ አልቋል፣ ነገ ውጣ» አይሠራም፤ ማስጠንቀቂያ መስጠት ግድ ነው። ማስጠንቀቂያውም በጽሑፍ ይሁን፤ ቀን ይኑረው፤ መቀበሉን ያስፈርሙት። አልፈርምም ካለ ሰው ባለበት ስጡት።

እኔም ንጹህ አይደለሁም። አንድ ዓመት ጥምቀት ሲቃረብ እንግዳ በቀን የሚከፍለው ብር ዓይኔን አወረው። አንዷን ተከራዬን፣ ነርስ ናት፣ «ለሁለት ሳምንት እህትሽ ጋ ሁኚልኝ፣ ዘመድ ይመጣብኛል» አልኳት። ዝም ብላ አየችኝ። «ጋሼ፣ ውሉን ማን ነበር የጻፈው?» አለች። እኔ! በራሴ እጅ፣ «እስከ ሰኔ 30» ብዬ። ባለቤቴ ከማጀት ሆና ስትስቅ ይሰማኛል። ጥምቀትን ሳንነጋገር አሳለፍን። ቤታችሁን ለበዓል እንግዳ የምትፈልጉት ከሆነ ከመጀመሪያው ውሉ ታኅሣሥ 30 ላይ እንዲያልቅ አድርጋችሁ አከራዩት፤ ወይም ተዉት።

በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ፣ ቁጥር 1320፣ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ ክፍያ ይከለክላል፤ ውሉም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ያዛል። «ስድስት ወር ቅድሚያ» የምትሉ፣ ከመፈራረማችሁ በፊት ክፍለ ከተማ ሄዳችሁ እዚህ በምን እየተሠራ እንደሆነ ጠይቁ። ጎረቤት አትጠይቁ።

ተከራይ ሲገባ የቤቱን ፎቶ አንሱ። የቆጣሪውንም ቁጥር።

ሽማግሌ መቀመጡን እወደዋለሁ፤ ብዙው ጠብ ቡና ላይ ያልቃል። ግን ተስማምታችሁ ስትነሱ ወረቀት ይኑር። «ውዝፉን በሁለት ጊዜ እከፍላለሁ፣ ቤቱን መጋቢት 30 እለቃለሁ» ተብሎ ይፈረም፤ ሽማግሌዎቹም ምስክር ሆነው ይፈርሙ። ሽማግሌ ፊት «እሺ» ብሎ ደጅ ሲደርስ «መቼ አልኩ» የሚል ሞልቷል።

ለእኒያ አባት ክሱን አልጻፍኩላቸውም። መጀመሪያ ሁለት ጎረቤት ጠርተው ቤቱን ይክፈቱ፣ ዕቃው ሳይነካ ሰውየው ይግባ፣ ከዚያ ስለ አራቱ ወር እንጽፋለን አልኳቸው። እየተነጫነጩ ተነሱ። ሁለት እርምጃ ሄደው ተመለሱ።

«ጓጉንቸሩንስ ማን ይከፍለኛል? 900 ብር ነው የገዛሁት።»