የመዋቅር ሥዕል በዕቅድ ሶፍትዌር፦ ከሠንጠረዡ መጀመር

የንግድ ዕቅድ ውስጥ የሚገባ የመዋቅር ሥዕል፣ ማለትም የሥራ መደቦችን በሣጥን፣ ተጠሪነታቸውን በመስመር የሚያሳይ ሥዕል፣ አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት፤ እርሱም እያንዳንዱ የሥራ መደብ ተጠሪነቱ ለማን ነው የሚለው ነው። በሰሜን ሸዋ ወረዳዎች ዕቅድ ሲያዘጋጁ ካገዝኋቸው ማኅበራት መካከል ብዙዎቹ ሶፍትዌሩን ከፍተው ሣጥን መደርደር ይቀድማሉ፤ መስመሩን ደግሞ ቦታ በተገኘበት ያገናኙታል። ከዚያ የሚወጣው ሥዕል ለዓይን ያምራል እንጂ፣ ብድር የሚመረምር ባለሙያ ወይም የማኅበሩ አባል «ይህ ሠራተኛ ቢያጠፋ ማን ይጠየቃል?» ብሎ ሲነሣ መልስ አይሰጥም። ስለዚህ ከሥዕሉ በፊት ሠንጠረዥ ይሠራ እላለሁ።

ለምሳሌ ያህል በደብረ ብርሃን አካባቢ ወተት የሚሰበስብ አንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር እንውሰድ። በኤክሴል አምስት ዐምዶችን ይክፈቱ፤ እነርሱም የመደብ ኮድ፣ የመደቡ መጠሪያ፣ የተጠሪነት ኮድ፣ የሠራተኛው ስምና የወር ደመወዝ ናቸው። እያንዳንዱ ረድፍ አንድ የሥራ መደብን ብቻ ይይዛል። ጠቅላላ ጉባዔው 01 ቢባል የተጠሪነት ዐምዱ ባዶ ይሆናል፤ ከበላዩ ማንም የለምና። የሥራ አመራር ኮሚቴው 02 ሆኖ ተጠሪነቱ ለ01፣ የቁጥጥር ኮሚቴው 03 ሆኖ ተጠሪነቱ እንዲሁ ለ01፣ ሥራ አስኪያጁ 04 ሆኖ ተጠሪነቱ ለ02 ይሆናል። ከዚያ በታች የወተት አሰባሰብ ኃላፊው፣ የጥራት መርማሪው፣ ሒሳብ ሠራተኛውና ገንዘብ ያዡ ይከተላሉ። በተጠሪነት ዐምዱ ስም ሳይሆን ኮድ የሚጻፍበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ሰው ይለቃል፣ ይዛወራል፣ አንድ ስም ያላቸው ሁለት ሠራተኞችም ይኖራሉ፤ ኮዱ ግን የመደቡ ብቻ ነው። ኮዱ ውስጥ የአለቃውን ኮድ አትክተቱ፤ መደቡ ወደ ሌላ ክፍል በተዛወረ ቁጥር ሁሉንም እንደገና ለመጻፍ ትገደዳላችሁና።

እዚህ ላይ ረጅም ጊዜ መውሰድ ይገባል፤ ሥዕሉ የሚበላሸው በሶፍትዌሩ ሳይሆን በሦስተኛው ዐምድ ነውና። በ2009 ዓ.ም. የወጣው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985 የቁጥጥር ኮሚቴን የሚያውቀው የሥራ አመራር ኮሚቴውን ሥራ የሚከታተል አካል አድርጎ ነው። እኔ ራሴ በመጀመሪያ ዓመታት ባዘጋጀሁት አንድ ሥዕል፣ ከላይ በኩል ቦታ ስለጠበበኝ፣ ይህን ኮሚቴ ከሥራ አስኪያጁ ጎን አውርጄ አስቀምጬው ነበር። በጉባዔው ቀን አንድ አዛውንት አባል ብድግ ብለው «ልጄ፣ ጠባቂውን ለተጠባቂው ሰጥተኸዋል» አሉኝ። ትክክል ነበሩ፤ ሥዕሉን በዚያው ቀን አስተካከልሁት፤ ከዚያ ወዲህም ተቆጣጣሪ ሁሉ ከሚቆጣጠረው መስመር ውጭ መሆኑን ሳላረጋግጥ ሥዕል አላስረክብም።

የጥራት መርማሪውም ጉዳይ እንዲሁ ነው። ጠዋት በመረከቢያ ጣቢያው ወተቱን መርምሮ ውሃ የገባበትን ወይም የኮመጠጠውን የሚመልሰው እርሱ ነው፤ የአሰባሰብ ኃላፊው ደግሞ የሚመዘነው በሰበሰበው ሊትር ነው። መርማሪውን ለአሰባሰብ ኃላፊው ተጠሪ ካደረግነው፣ ወተት መልሶ አለቃውን ማስቀየም ይከብደዋል። ስለዚህ ሁለቱም በእኩል ደረጃ ለሥራ አስኪያጁ ተጠሪ ይሁኑ። የዕለቱ የሥራ ግንኙነታቸው እንዲታይ ከተፈለገ በመካከላቸው የነጠብጣብ መስመር ይሰመር፤ ሙሉው መስመር የተጠሪነት፣ ነጠብጣቡ የቅንጅት መሆኑም በሥዕሉ ግርጌ በአጭሩ ይጻፍ።

ሠንጠረዡ ካለቀ ወደ ሥዕሉ መሄድ ይቻላል። የመደቦቹ ቁጥር ከሃያ የማይበልጥ ከሆነ በወርድ፣ በኤክሴል ወይም በፓወርፖይንት ያለው ስማርት አርት የሚባለው የዝግጁ ሥዕሎች መሣሪያ ይበቃል። ኢንሰርት ከሚለው ዝርዝር ስማርት አርትን፣ ከዚያም ሃይራርኪ የሚለውን ምድብ ይምረጡ። በጽሑፍ መጻፊያው መስኮት የመደቡን ስም ጽፈው ኢንተርን ሲጫኑ በዚያው ደረጃ አዲስ ሣጥን ይከፈታል፤ ታብን ሲጫኑ ሣጥኑ አንድ ደረጃ ይወርዳል፤ ሺፍትና ታብን አብረው ሲጫኑ ይወጣል። በአንድ ኃላፊ ሥር ብዙ ወተት ተረካቢዎች ካሉ ወደ ጎን ከመዘርጋት ይልቅ ወደ ታች የሚንጠለጠለውን አቀማመጥ ይምረጡ፤ ያለዚያ ፊደሉ በኤ4 ወረቀት ላይ የማይነበብ ይሆናል። መደቦቹ ሲበዙ ግን ቪዚዮ የተባለው የማይክሮሶፍት የሥዕል መሥሪያ ሶፍትዌር ይሻላል፤ የኤክሴሉን ፋይል ተቀብሎ የትኛው ዐምድ መደቡን፣ የትኛው ተጠሪነቱን እንደሚያሳይ ከጠየቀ በኋላ ሥዕሉን ራሱ ያወጣዋል። ሥዕሉ ላይ ለብቻው ተነጥሎ የቀረ ሣጥን ካያችሁ፣ የተጠሪነት ኮዱ ተሳስቷል ወይም ሳይሞላ ቀርቷል ማለት ነውና ተመልሳችሁ ሠንጠረዡን አርሙ።

በዕቅድና በበጀት ሶፍትዌሮች ውስጥ ይኸው ተዋረድ ከሥዕልነት ያለፈ ሥራ አለው። እያንዳንዱ መደብ ከበላዩ ካለው ጋር እንደ ልጅና ወላጅ ስለሚያያዝ፣ ከታች የገባው ደመወዝ ደረጃ በደረጃ እየተደመረ እስከ ላይ ይደርሳል። አንድ መደብ ለሁለት አለቆች በሙሉ መስመር ከታሰረ ደመወዙ ሁለት ጊዜ ሊቆጠር ይችላል፤ ስለዚህ የነጠብጣብ መስመሩ በሥዕሉ ላይ ብቻ ይቅር፣ ወደ ድምር ተዋረዱ አይግባ። ሥዕሉን ከማጽደቃችሁ በፊት የደመወዝ ዐምዱን በቀጥታ ደምሩና ከላይኛው ሣጥን ድምር ጋር አስተያዩት፤ ልዩነት ካለ ወይ የተደገመ ወይ የተቆረጠ መስመር አለ።

በሣጥኑ ውስጥ መጀመሪያ የመደቡ መጠሪያ፣ ከሥሩ አነስ ባለ ፊደል የሰው ስም ይግባ። ሰው ያልተገኘለት መደብ «ክፍት» ተብሎ ይጻፍ እንጂ አይሰረዝ፤ በዕቅዱ ሰው የሚቀጠረው ለዚያ መደብ ነውና። አንድ ሰው ሁለት መደብ ደርቦ ቢይዝ ስሙ በሁለቱም ይታይ። በተለይ የሒሳብ ሠራተኛውና የገንዘብ ያዡ ስም አንድ ሆኖ ከተገኘ፣ ገንዘቡን የሚይዘውና መዝገቡን የሚጽፈው አንድ ሰው መሆኑን ሥዕሉ አጋልጧልና ከማተም በፊት ጉዳዩን ለኮሚቴው ማቅረብ ግዴታ ነው።

የወተት ማኅበር ሥራ እንደ ወቅቱ የሚለዋወጥ መሆኑንም ሥዕሉ ሊያሳይ ይችላል። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት የወተት ገበያ ሲቀዘቅዝ የተሰበሰበው ወደ ቅቤና አይብ የሚዞር ከሆነ፣ ለዚያ ጊዜ ብቻ የሚቀጠሩት ሠራተኞች ጠርዙ በተቆራረጠ መስመር በተከበበ ሣጥን ይቀመጡ፤ በሠንጠረዡም የሚሠሩባቸው ወራት ብዛት የሚጻፍበት ተጨማሪ ዐምድ ይከፈት። ይህ ዐምድ ከሌለ የሁለት ወር ደመወዝ የ12 ወር ሆኖ በዕቅዱ ላይ ይወጣል።

በመጨረሻ ሥዕሉን በፒዲኤፍ አስቀምጡት፤ የግዕዝ ፊደል በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ጽሑፉ ወደ ባዶ ካሬ እንዳይለወጥ ይረዳል። በግርጌው ጉባዔው ያጸደቀበት ቀንና የቃለ ጉባዔው ቁጥር ይግባ። በኋላ ለውጥ ሲመጣ በመጀመሪያ የሚስተካከለው የኤክሴሉ ሠንጠረዥ ነው፤ ሥዕሉ ከእርሱ እንደገና ይወጣል፤ የቀድሞው ሥዕል ግን ቀኑ እንደተጻፈበት በማኅደሩ ይቆይ።