ሚኒሞ ከፍ ዝቅ ሲል

ሞተሩ ከሞቀ በኋላ እንኳን ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) አልረጋ ብሎ ስድስት ቀን አለፋኝ። መብራት ላይ ስቆም የሞተሩ የዙር ቆጣሪ በደቂቃ ከ900 ወደ 1500 ዙር ይወጣል፣ ይወርዳል፣ እንደገና ይወጣል። ጠዋት ሲነሳ 1200 አካባቢ ቢሆን ጤነኛ ነው፤ ሲሞቅ ግን አብዛኛው የቤንዚን መኪና ከ600 እስከ 900 ባለው ውስጥ መርጋት አለበት።

አራቱንም ካንዴላ (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉትን) ቀየርኩ፤ ምንም። የአየር ፊልትሮ፤ ምንም። ስሮትል ቦዲውን (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚቆጣጠረውን ክፍል) አጸዳሁ፤ ጥቀርሻው ጨርቁን አጠቆረው፣ ሚኒሞው ግን መዝለሉን አልተወም። የሚኒሞ ቫልቭ ልገዛ ስል ገንዘቤ አሳዘነኝ።

በስድስተኛው ቀን ኮፈኑን ከፍቼ ዝም ብዬ አዳመጥኩ። ከሞተሩ ጀርባ ቀጭን የፉጨት ድምፅ አለ። በመርጫ ጠርሙስ ውሃ እየረጨሁ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ፈተሽኩ። (ተቀጣጣይ ነገር በጋለ ሞተር ላይ አትርጩ፤ ውሃውንም ከኤሌክትሪክ ሶኬቶች አርቁ።) የፒሲቪ ቱቦዋ (የሞተሩን የውስጥ ጭስ መልሳ ወደ አየር መግቢያው የምትወስደው) መታጠፊያ ላይ ውሃው ሲያርፍ ፉጨቱ ተቋረጠ፣ ቆጣሪውም ወረደ። ፈትቼ ሳጥፋት ከሥሯ የጥፍር ያህል ስንጥቅ አፉን ከፈተ። በዚያ የሚሾልከው አየር በአየር መለኪያው ስለማያልፍ ኮምፒውተሩ የነዳጁን መጠን ይስታል።

በዚያው ውፍረት ዘይት የሚችል ቱቦ ገጠምኩ። አሁን 750 ላይ ቆሟል፤ ማቀዝቀዣውን ስከፍት ብቻ ትንሽ ከፍ ይላል፣ እሱ ደንቡ ነው።